ስም፣ ማተብና ሥጋ፤ ስለ አረብ አገር ሠራተኛ ሴቶች የተጻፉት ጥናቶች ከሞጣና ከቢቸና ሲታዩ

ወደ አረብ አገር ለቤት ሥራ ስለሚሄዱት ኢትዮጵያውያት የተጻፈው ጽሑፍ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እየበዛ ሄዶ፣ ዛሬ አንድ ተማሪ ስለዚሁ ጉዳይ የመመረቂያ ድርሰት ለማሰናዳት ቢነሣ የሚቸግረው የመጽሐፍ ማነስ ሳይሆን የመጽሐፍ መብዛት ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጽሑፍ ስለ ደመወዝ መቀማት፣ ስለ ደላላ ተንኰል፣ ስለ አሠሪ ጭካኔ፣ ስለ መባረርና ስለ መመለስ ብዙ ሲያስተምረን፣ ወደ ሃይማኖት ሲደርስ ቃሉ ያጥራል። በተለይም ሙስሊም ሆና ከክርስቲያን አገር የወጣችውን ሴት በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እኛም ይህን ትችት የጻፍነው የሰውን ድካም ለመንቀፍ አይደለም፤ መጻሕፍቱ በምሥራቅ ጎጃም፣ ይኸውም በቢቸናና በሞጣ ሆነው ቢነበቡ የት ላይ እንደሚሰናከሉ ለማሳየት ነው።

ስለ ምን ቢቸናና ሞጣ ተመረጡ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ስለ ስደት የሚጽፉ ሊቃውንት ሙስሊሟን ሴት ሲፈልጉ ወደ ወሎ፣ ወደ ጅማ ወይም ወደ አርሲ ይሄዳሉ፤ ወደ ጎጃም የሚመጣ ቢኖር ግን የሚጠብቀው ክርስቲያኒቱን ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በአማራ ክልል ከመቶው ሰው 17 ያህሉ ሙስሊም ሲሆን፣ በምሥራቅ ጎጃም ግን ከመቶ 3 እንኳ አይሞላም ነበር። የዚህ ጥቂት ሕዝብ ኑሮ ከጥንት ጀምሮ ከገበያና ከከተማ ጋር የተያያዘ ነው። ርስት የክርስቲያን ነው ይባል በነበረበት ዘመን ሙስሊሙ በንግድና በሽመና ይተዳደር ስለ ነበረ፣ ነጋዴ የሚለው ቃል በብዙ የደጋ አገር ሙስሊም ከማለት ጋር እስከ መቀራረብ ደርሶ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ሙስሊሙ እንዲጠመቅ ባዘዙ ጊዜ የደረሰውን መከራ የታሪክ ጸሐፊዎች በሰፊው ስለ ጻፉት እዚህ አንደግመውም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው ታላቅ ሰልፍ፣ በ1967 ዓ.ም. ሦስቱ የእስልምና በዓላት በሕግ መታወቃቸው፣ በዚያው ዓመት የወጣውም የገጠር መሬት አዋጅ ነገሩን በወረቀት ለወጡት። በሰፈርና በገበያ ግን ማን ምን እንደ ሆነ የሚታወቅበት ምልክት እንደ አዋጅ በአንድ ቀን የሚለወጥ አይደለም። ከሞጣ ወደ ጅዳ የምትሄደው ሙስሊም ሴት ይህን ሁሉ ይዛ የምትሄድ ናት። በአገሯ ሃይማኖቷ ከጎረቤቷ የሚለያት ነገር ነበረ፤ በዚያ አገር ደግሞ ሃይማኖቷ ከአሠሪዋ ጋር አንድ ያደርጋታል ተብሎ የሚታሰብ፣ ነገር ግን አንድ የማያደርጋት ነገር ይሆናል። ጥናቶቹ ያላዩት ይህን መገለባበጥ ነው እንላለን።

በመጀመሪያ ስለ ስም እንናገር፤ ከሁሉ የሚበልጠው ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ነውና።

አሠሪዎች፣ ከሁሉም ይልቅ የሳዑዲ አረቢያዎቹ፣ ሙስሊም ሠራተኛ ይመርጣሉ ስለ ተባለ ብዙ ክርስቲያን ሴቶች ፋጡማ፣ ዘሀራ ወይም ኸዲጃ ተብለው ፓስፖርት እንዳወጡ፣ ማተባቸውንም በጥሰው ሻርፕ ተከናንበው እንደ ተሳፈሩ የሚታወቅ ነገር ነው። በክርስቲያን ብዛት ወደር በሌለው በጎጃም ይህ ልማድ ይበልጥ ሊያጋጥም እንደሚችል ለማሰብ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። እንግዲህ ከሠራተኛ አገናኝ ድርጅት መዝገብ ወይም ከተመላሾች ዝርዝር ላይ ስም እያየ «ከመቶ ይህን ያህሉ ሙስሊም ናቸው» ብሎ የሚጽፍ ሰው የሚቈጥረው ሃይማኖትን ሳይሆን የደላላን ምክር ነው። ይባስ ብሎ ከዚህ ቍጥር ተነሥቶ «ሙስሊም ሴቶች በስደት የሚመርጡት አገር» የሚል ሐተታ ሲሠራ፣ የሞጣዪቱ እውነተኛ ሙስሊም በስመ ሙስሊም ብዙ ክርስቲያኖች መካከል ተውጣ ትቀራለች።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። የደጋው ሙስሊም ስም ሁሉ የዐረብ ስም አይደለምና። ፋንታዬ፣ ዘነቡ፣ ተዋበች የሚሉት ስሞች ሃይማኖትን አይናገሩም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጁን ይጠራባቸዋል። ስለዚህ ሙስሊሟ ፋንታዬም ብትሆን ሙስሊም መሆኗ እንዲታመንላት ብላ ፋጡማ ልትባል ትችላለች። ሁለቱን ሴቶች በአንድ መዝገብ ላይ አንድ ስም አገናኛቸው፤ አንደኛይቱ ያልሆነችውን ለመምሰል፣ ሁለተኛይቱ የሆነችውን ለማስመስከር። ይህን ልዩነት ከመዝገብ ማንበብ አይቻልም፤ ከሴቶቹ አፍ ብቻ ይገኛል።

እዚህ ላይ የሴትነት ነገር ይገባል። በአገራችን ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም፤ እስክትሞት ድረስ የምትጠራው በአባቷ ስም ነው። ባል የማይወስደውን ይህን ስም ደላላው ወሰደው። የራስን ስም ብቻ መለወጥ አይበቃምና፤ የአባት ስም ገብረ ማርያም ሆኖ ሳለ ፋጡማ መባል ስለማያዋጣ አባቱም አሕመድ ይባላል፣ አያቱም እንደዚሁ። በአንድ ፓስፖርት የሦስት ትውልድ ሃይማኖት ተለወጠ ማለት ነው። ወንዱ ስደተኛ በጅቡቲና በየመን አድርጎ በእግሩ ሲሄድ ይህን ያህል ስሙን የሚጠይቀው የለም፤ በግንባታና በእረኝነት የሚቀጥረው ሰው ጉልበቱን ይፈልጋልና። የሴቲቱ ሃይማኖት ግን የሚጠየቀው ሥራዋ በቤት ውስጥ፣ በሕፃናቱና በድስቱ አጠገብ ስለ ሆነ ነው። ስለ ስደተኞች «ሃይማኖት» በጠቅላላ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ለይተው አያሳዩም።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንመለስ። አስናቀ ከፋለና ዘሪሁን መሐመድ ስለ ባሕረ ሰላጤው አገሮችና ስለ ደቡብ አፍሪካ ስደት ያሰናዱት፣ በማኅበራዊ ጥናት መድረክ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት የሕጉንና የደላሎቹን ነገር ለሚመረምር ሰው ጠቃሚ ነው። ቢና ፈርናንዴዝ እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመችው መጽሐፍ ደግሞ በሊባኖስና በኩዌት ያሉትን ኢትዮጵያውያት ተከትሎ፣ ሴቶቹ የተጎጂነት ምስል ብቻ ሳይሆኑ የራሳቸውን ነገር በራሳቸው የሚወስኑ ሰዎች መሆናቸውን በጥሩ ሁኔታ ያስረዳል። ማሪና ደ ሬኽትና መዳረሻው ታፈሰ ከሳዑዲ አረቢያ ስለ ተባረሩት የጻፉት የ2016 እ.ኤ.አ. ጽሑፍም መባረር ማለት ገንዘብን ማጣት ብቻ አለመሆኑን ያሳያል፤ ከኅዳር ወር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን መመለሳቸውን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ጽሑፍ የግድ መነበብ ያለበት ነው። ሆኖም የእነዚህ ሁሉ ዋና ጥያቄ ሃይማኖት ስላልሆነ፣ ሃይማኖት በእነርሱ ዘንድ ወይ ለመግቢያ የሚሆን ወረቀት፣ ወይ በመከራ ጊዜ የሚያጽናና ነገር ሆኖ ይታያል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ግን አይበቁም።

ከሁሉ ይልቅ ወደ ነገሩ የቀረበችው አቲያ አሕመድ ናት። ይህች የባህል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመችው መጽሐፍ በኩዌት ቤቶች ስለሚሠሩ የደቡብ እስያ ሴቶች ወደ እስልምና መሳብ ትጽፋለች። የመጽሐፉ ታላቅ ቁም ነገር ሃይማኖት መለወጥን የአንድ ቀን ድንገተኛ ነገር አድርጎ አለማየቱ ነው። ለውጡ የሚመጣው በወጥ ቤት ወሬ፣ ልጅ በማሳደግ፣ የቤቱን ሰው ጠባይ በመልመድ፣ ቀስ በቀስ ነው። ሴቶቹ ራሳቸው «ናራም» የሚሉትን፣ ይኸውም ልስላሴን፣ ሴት ልትይዘው የሚገባት ጠባይ አድርገው እንደሚቈጥሩትና ይህም ልስላሴ ወደ አዲሱ ሃይማኖት መንገድ እንደሚሆን ደራሲዋ ታስረዳለች። የእኛ አገር ሰው ይህን ሲያነብ ሴት ልጅ ጨዋ ትሁን፣ ቃል አትመልስ፣ የገባችበትን ቤት ትምሰል የሚለው አስተዳደግ ትዝ ሳይለው አይቀርም።

ነገር ግን የአቲያ አሕመድ መነጽር የሞጣዪቱን ሙስሊም አያሳይም። ከመጀመሪያውም ሙስሊም ናትና የምትለውጠው ሃይማኖት የለም፤ ስለዚህ በመጽሐፉ ስሌት ምንም አልደረሰባትም። እኛ ግን የሚደርስባት ነገር ከመለወጥ የማይተናነስ ነው እንላለን። ይህን ለመረዳት በአገሯ ሙስሊምነቷ በምን ይታወቅ እንደ ነበር ማየት ያስፈልጋል።

በቢቸናም ሆነ በሞጣ ነጠላና ሻሽ የሁለቱም ነው፤ ቋንቋው አንድ ነው፤ ቡናው አንድ ነው፤ እንሶስላ መሞቁም አንድ ነው። ክርስቲያኒቱ በአንገቷ ማተብ፣ የቀደሙት እናቶች ደግሞ በግንባራቸው ወይም በአንገታቸው የመስቀል ንቅሳት ነበራቸው፤ ማተብ ይበጠሳል፣ ንቅሳት ግን አይበጠስም። በሁለቱ መካከል ያለው ታላቁ ወሰን ግን ሥጋ ነው። ኤልዋ ፊኬ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጽሑፉ ሥጋ በኢትዮጵያ የሙስሊምና የክርስቲያን ወሰን መሆኑን በሚገባ አብራርቶታል፤ ቶም ቦይልስተንም ስለ ጣና ዘጌ በጻፈው መጽሐፍ (2018 እ.ኤ.አ.) አብሮ መብላትና አለመብላት፣ መጾምና መጋበዝ በአንድ የጎጃም አገር ሰውን ከሰው እንዴት እንደሚያቀራርብና እንደሚያርቅ አሳይቷል። በሠርግ ላይ ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ ከብት መታረዱ፣ በሙስሊም እጅ መታረዱ፣ ለብቻ መሠራቱ እንደ ጥላቻ አይታይም፤ እንዲያውም የጥሩ ጉርብትና ምልክት ነው። ፊኬና ቦይልስተን ላይ ጨምረን ልናሳስብ የምንወደው አንድ ነገር አለ። ቢላዋውን የሚይዘው ወንድ ነው፤ ወሰኑን በየቀኑ የምትጠብቀው ግን ሴቲቱ ናት። የትኛው ድስት ለማን እንደ ሆነ፣ የትኛው ሳሕን ከየት እንደ መጣ፣ ለጎረቤት ልጅ ምን ሊቀርብለት እንደሚገባ የምታውቀው እርሷ ናት። ለሞጣዪቱ ሙስሊም ሴት ሃይማኖት በአመዛኙ በእጇ ያለ እውቀት ነበር ማለት ይቻላል።

ጅዳ ወይም ሪያድ ስትደርስ ይህ እውቀት ሥራ ፈታ። ሥጋው ሁሉ በሙስሊም እጅ የታረደ ነው፤ የሚለይ ድስት የለም። ክርስቲያኒቱ ጓደኛዋ በስመ ፋጡማ ሆና ረቡዕና ዓርብን ሆዴን አሞኛል እያለች ስታሳልፍ ወሰኗን በስውር ትጠብቃለች፤ ሙስሊሟ ግን የምትጠብቀው ወሰን አጣች። በአገሯ ሙስሊም ያሰኛት የነበረው ምልክት ሁሉ በዚያ ምንም አይናገርም። አዲስ ምልክት ይጠየቅባታል፤ ዐረብኛ ታውቂያለሽ ወይ፣ ቁርአን በትክክል ታነቢያለሽ ወይ፣ አለባበስሽ እንደዚህ ነው ወይ። ዐረብኛዋ የወጥ ቤት ዐረብኛ ስለ ሆነ፣ ሐበሺያ ከመባልም ስለማትወጣ፣ ሙስሊምነቷ በአሠሪዋ ዐይን ዘወትር የጎደለ ሆኖ ይታያል። ከፓስፖርቱ የተነሣ የፋጡማዎቹ ነገር የታወቀ ስለ ሆነ ደግሞ እርሷም በሐሰተኛነት ትጠረጠራለች። የክርስቲያኗ የስም መለወጥ የሚጎዳው ክርስቲያኗን ብቻ አይደለም።

ሐበሺያ የሚለው ቃል ብዙ ታሪክ አለበት። የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች በሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ሐበሻ መሰደዳቸውንና ከመካከላቸው ሴቶች እንደ ነበሩ፣ ነቢዩንም በሕፃንነታቸው የተንከባከበችው ኡሙ አይመን በትውፊት ሐበሻ መባሏን የኢትዮጵያ ሙስሊም በኩራት ይናገረዋል። በሌላ በኩል ግን በባሪያ ንግድ ዘመን ከምጽዋና ከታጁራ ወደ አረብ ቤቶች የተወሰዱት ሴቶች በዚሁ ቃል ይጠሩ ነበር፤ ሳዑዲ አረቢያ ባርነትን በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። አንዲት ከሞጣ የሄደች ሴት ሐበሺያ ስትባል ከሁለቱ የትኛው እንደሚታሰብ የሚወሰነው በአሠሪዋ ቤት እንጂ በመጽሐፍ አይደለም።

የረመዳንን ነገር ብንመለከት ይኸው ይታያል። በሞጣ ረመዳን ጎረቤቱ በማይጾምበት ሰፈር የሚጾም፣ የራስን ቤት የሚሰበስብ ጾም ነው። በአሠሪዋ ቤት አገር ሁሉ ይጾማል፤ ግን የኢፍጣሩን ማዕድ የምታሰናዳው፣ ሌሊቱን እንግዳ የምታስተናግደው፣ ለሱሑር የምትነሣው እርሷ ስለ ሆነች ከዓመቱ ወራት ሁሉ ሥራ የሚበዛባት በዚህ ወር ነው። ጾሙ አንድ፣ አምላኩ አንድ፣ ድካሙ ግን የአንዷ ነው። ይህን «ሃይማኖት ለስደተኛዋ መጽናኛ ነው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ እውነቱን ግማሽ ማድረግ ነው።

ሌላው በጥናቶቹ ሳይታይ የታለፈው የመሕረም ነገር ነው። በሳዑዲ ሥርዓት ሴት ያለ መሕረም፣ ይኸውም ያለ ባል ወይም ያለ ቅርብ ወንድ ዘመድ፣ ለሐጅ መምጣት ብዙ ዘመን ተከልክሎ ቆይቶ፣ ዕድሜያቸው ከ45 በላይ የሆኑት ከቡድን ጋር እንዲመጡ ይፈቀድ ነበር፤ በአገሩ ያሉ ሴቶች ያለ መሕረም ለሐጅ እንዲመዘገቡ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ነገር ግን በእነዚያው ዓመታት የ20 ዓመት ወጣት ብቻዋን ለቤት ሥራ ትገባ ነበር። ለጸሎት ያለ ወንድ መምጣት የማይገባት ሴት ለመጥረግና ለማጠብ ያለ ወንድ መምጣቷ እንዴት እንደሚታረቅ የሕግ ሊቃውንት ይከራከሩበት፤ እኛን የሚያሳስበን ሴቲቱ ራሷ፣ ወላጆቿም፣ በሞጣ ያሉት ሸኽም ይህን እንዴት እንደ ተረጎሙት ነው። የኢንዶኔዥያን ሴቶች በተመለከተ ሬቸል ሲልቪ እ.ኤ.አ. በ2007 ሃይማኖታዊ ጨዋነትና የሥራ ስደት እንዴት እንደ ተያያዙ አሳይታለች። በእኛ በኩል እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ ወደ ጎጃም ሙስሊሞች መሄድ ይቀረናል።

በአገራችን ሕግ በኩልም ሃይማኖት ዝም የተባለበት ነገር ነው። በ2006 ዓ.ም. ስደቱ ታግዶ፣ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 የስምንተኛ ክፍል ትምህርትና የሥራ ስልጠና ማስረጃ እንዲጠየቅ ተደረገ። ትምህርቷና ስልጠናዋ ይመረመር ነበር፤ ስሟና የአባቷ ስም ግን የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ስለ መመለስ ሲጻፍ ደግሞ ጥናቶቹ «ወደ ቤት መመለስ» ይላሉ፤ ቤቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት እንደ ሆነ አድርገው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ተጠቁ። ለብዙ ዘመን ለብቻው የሚታረደው ከብት የጉርብትና ምልክት በነበረበት ከተማ ይህ መሆኑ በብዙዎች ዘንድ፣ ከክርስቲያኖቹም ዘንድ፣ ታላቅ ሐዘን ሆኖ አልፏል። በዚያን ቀን በሪያድ ወይም በኩዌት ወጥ ቤት ውስጥ የነበረችው የሞጣ ልጅ ወሬውን በስልክ ስትሰማ የነበራትን ነገር ማሰብ ይገባል። በዚያ ሐበሺያ ስለ ሆነች ሙሉ ሙስሊም አልተባለችም፤ በዚህ ሙስሊም ስለ ሆነች የአባቷ ሱቅ አደጋ ላይ ወደቀ። ለእንዲህ ያለችው ሴት ስደቱ ከቤት ወደ ውጭ ብቻ የሚሄድ መንገድ አይደለም። ተመልሳ ዐባያና ኒቃብ ብትለብስ፣ የመውሊድንና የዚያራን ልማድ ትክክል አይደለም ብትል፣ ጎረቤት «አረብ አገር ለወጣት» ይላል፤ ተመራማሪውም ይህንኑ ጎረቤት የተናገረውን ጽፎ ይሄዳል። እኛ ግን በዚያ አገር ዘወትር ጎደለሽ ስትባል የኖረች ሰው መጉደሏን ለመሙላት የያዘችው ነገር እንደ ሆነ፣ ደግሞም ድስትና ሳሕን የመለየት እውቀቷ ከእጇ ከወጣ በኋላ በልብሷ ላይ የተካችው ወሰን ሊሆን እንደሚችል ልናስብ ይገባናል እንላለን። ይህ ግምት ነው፤ ሊፈተን የሚችለው በሞጣና በቢቸና ከተመለሱት ሴቶች ጋር፣ በአማርኛ፣ በቡና ላይ ተቀምጦ በመነጋገር ነው። መጠይቅ ይዞ መሄድ አይጠቅምም፤ «ሃይማኖትሽ ምንድር ነው» ለሚለው ጥያቄ ሁሉም ልክ የሆነ መልስ አለውና።

ይህን የሚያጠና ተማሪ ቢገኝ ከሠርግ ይልቅ ከቀብር እንዲጀምር እንመክረዋለን። ከክርስቲያን ቤት ወጥታ በስመ ፋጡማ አሕመድ የሞተች ሴት ሬሳዋ በአውሮፕላን ሲመጣ፣ ከሣጥኑ ጋር የሚመጣው ወረቀት የሚናገረው የደላላውን ስም ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው የክርስትና ስሟን ነው፤ ዕድሩ የሚያውቃት ደግሞ በአባቷ ስም ነው። ሳትመጣ በዚያው ብትቀበር ደግሞ የምትቀበረው በሙስሊም መቃብር ሲሆን፣ እናቷ በሰባትና በአርባ ቀን ፍትሐት የምታደርገው መቃብሯን ሳታይ ነው። ሙስሊሟ ፋንታዬ በበኩሏ በትክክል በሃይማኖቷ መቃብር ትቀበራለች፤ ለሞጣ ዘመዶቿ የሚደርሰው መርዶ ግን የፋጡማ መርዶ ነው፤ ፋጡማ ማን እንደ ሆነች የሚያውቀው ፓስፖርቱን ያወጣላት ደላላ ብቻ ነው።